የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ 12ቱ ቃላት፣ የስልኩ ሰዓትና የተቃጠለው 100 ዶላር

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ገሚሱ ስለ ክሪፕቶ ነው። «የቱን ኮይን ልግዛ?» ላላችሁን መልስ የለንም፤ አለን የሚል ሰው ካጋጠማችሁም ራቁት። ስለ ቁልፍ አያያዝና ስለ ትሬድ ስሌት የጠየቃችሁትን ግን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ ዋሌት (የክሪፕቶ ቁልፍ የሚይዝ መተግበሪያ) ስከፍት የተሰጡኝን 12 ቃላት፣ እንግሊዝኛ መጻፍ ስለሚያስቸግረኝ እንደ አነባበባቸው በአማርኛ ፊደል ጻፍኳቸው። አሁን ስልኬ ተሰብሮ በአዲስ ስልክ ሳስገባቸው «ልክ አይደለም» ይለኛል። ገንዘቤ ጠፋ ማለት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አልጠፋም፤ ግን ቁጭ ብለው የሚሠሩት ሥራ አለ።

ዋሌቱ ቃላቱን የሚመርጠው 2048 ቃላት ካሉበት፣ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ከእንግሊዝኛ ሌላ በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛ፣ በቻይንኛ፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በመሳሰሉት ተዘጋጅቷል፤ በአማርኛ የለም። ስለዚህ ዋሌትዎ የሚያውቀው የላቲኑን ሆሄ እንጂ ድምፁን አይደለም። በእኛ ፊደል ሲጻፉ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ቃላት አንድ ይሆናሉ። «ራይት» ብለው ጽፈው ከሆነ፣ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ራይት አለ፦ ቀኝ ወይም ትክክል የሚለው በ«አር» ይጀምራል፤ መጻፍ የሚለው በ«ደብልዩ»። «ኮስት»ም እንዲሁ ነው፤ የባሕር ዳርቻውም ኮስት፣ ወጪ የሚለውም ኮስት፣ ሁለቱም አሉ። ትርጉሙን ጽፈው ከሆነ ነገሩ ይብሳል። «በር» ያሉት «ዶር» ይሁን «ጌት» ወረቀቱ አይናገርም፤ ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ ናቸው።

የእንግሊዝኛውን ዝርዝር አሳትመው ይያዙ። ዝርዝሩ ራሱ ምስጢር ስላልሆነ የትም ቢታተም ችግር የለውም፤ ምስጢሩ የእርስዎ 12 ቃላትና ቅደም ተከተላቸው ነው። ከዚያ በባዶ ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ያስፍሩና በየቁጥሩ ፊት፣ የጻፉትን ድምፅ ሊሰጡ የሚችሉትን ቃላት ሁሉ ከዝርዝሩ ያውጡ። አብዛኞቹ ቁጥሮች አንድ ቃል ብቻ ይኖራቸዋል። ሁለት ቁጥሮች ሁለት ሁለት አማራጭ ቢያመጡ የሚሞከረው 4 ጊዜ ነው፤ ሦስት ቁጥሮች ቢሆኑ 8 ጊዜ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። 12ኛው ቃል ውስጥ ስህተት መያዣ ተቀብሯል፤ ነገር ግን መያዣው አጭር ስለሆነ ከ16 የተሳሳቱ ጥምረቶች አንዱ ያህል በአጋጣሚ ያልፋል። ስለዚህ ዋሌቱ ተቀብሎ ባዶ ሒሳብ ቢያሳይዎ «ተዘረፍኩ» ብለው አይደንግጡ፤ የሌላ ዋሌት በር ከፍተው ሊሆን ይችላል። የሚከፈተውን አድራሻ ከድሮው አድራሻዎ ጋር ያስተያዩ። የድሮውን ከየት አገኛለሁ ካሉ፣ ገንዘብ የላከልዎ ሰው የመላኪያ ታሪኩ ላይ አለ።

ይህን ሥራ ለስልክ ጠጋኝ አይስጡ፤ «ጠፍቶ የቀረ ዋሌት እመልሳለሁ» ለሚል የቴሌግራም ሰውም ጭራሽ። ቃላቱን ያየ ሰው ገንዘቡን ለመውሰድ ስልክዎ አያስፈልገውም። ሲሳካልዎ ቃላቱን በላቲን ካፒታል ፊደል፣ ከነቁጥራቸው እንደገና ይጻፉ። የትኞቹም ሁለት ቃላት የመጀመሪያ አራት ፊደላቸው አንድ አይሆንም፤ ስለዚህ ከየቃሉ አራት አራት ፊደል በትክክል መጻፍ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የዋሌቴን ቃላት ስክሪንሾት አንስቼ አገር ቤት ላለች እህቴ በቴሌግራም ላክሁና ከስልኬ አጠፋሁት። አሠሪዎቼ አንዳንዴ ስልኬን ይወስዱታል፤ ክፍሌም የእኔ ብቻ አይደለም። እንዲህ መሆኑ ደኅና ነው? (ከዱባይ)

መልስ፦ እህታችን፣ ደኅና አይደለም። ስክሪንሾቱ አሁን ስንት ቦታ እንዳለ እንቁጠር። ከስልክሽ ብታጠፊውም በአይፎን «በቅርቡ የጠፉ» ውስጥ እስከ 30 ቀን ይቆያል፤ ወደ ጉግል ፎቶስ ወጥቶ ከነበረ እዚያ ቅርጫት ውስጥ እስከ 60 ቀን። ተራ የቴሌግራም ጭውውት ደግሞ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ሲም ካርድሽን የያዘ ሰው፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ካላደረግሽ፣ በአንድ የኤስኤምኤስ ኮድ ከፍቶ ያነበዋል። እህትሽ ስልክ ላይም አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የሳይበር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ «ስፓርክካት» ብሎ የሰየመውን ተንኮል አዘል ፕሮግራም ይፋ አድርጎ ነበር፤ በጉግል ፕሌይና በአፕ ስቶር ባሉ መተግበሪያዎች ውስጥ ተደብቆ፣ የስልኩን ፎቶዎች እያነበበ የዋሌት ቃላት የሚፈልግ ነው። ሌባው ስልክሽን መንካት አይጠበቅበትም።

ስለዚህ ያ ዋሌት እንደወጣ ቁጠሪው። አዲስ ዋሌት፣ አዲስ ቃላት። ቃላቱን በወረቀት ብቻ ጻፊ። ከዚያ ዋናውን ገንዘብ ሳታስገቢ ፈትኚው፤ ይህን ፈተና ሁሉም አንባቢ ቢያደርገው ደስ ይለናል፦

የአዲሱን ዋሌት አድራሻ የመጀመሪያ ስድስትና የመጨረሻ ስድስት ፊደላት ወረቀት ላይ ያዢ። 2 ወይም 3 ዶላር የሚያህል ላኪበት። መተግበሪያውን ሙሉ በሙሉ ከስልክሽ አጥፊ። እንደገና ጫኚውና ከወረቀቱ ላይ ብቻ እያነበብሽ ቃላቱን አስገቢ። ያው አድራሻ፣ ያው 2 ዶላር ከመጣ፣ ከእርሱ ላይ 1 ዶላር መልሰሽ ላኪ። ይህ ሁሉ ካለፈ የቀረውን አሻግሪ፤ በመጨረሻ የምትልኪው የኔትወርክ ክፍያ የሚቆረጥበት ኮይን ይሁን፤ እርሱ ቀድሞ ከሄደ ሌላው መውጫ ያጣል። በዚህ መንገድ ያልተፈተነ ወረቀት ምን እንደተጻፈበት የሚታወቀው ስልክ የጠፋ ዕለት ነው፤ ያኔ ደግሞ ማረም አይቻልም።

የት ይቀመጥ? ሁለት ቅጂ፣ ሁለት የተለያየ ቤት። ስልኩ ባለበት ሻንጣ ውስጥ አይሁን። ወደ አገር የሚመለስ የምታምኚው ሰው ካለ በፖስታ አሽገሽ፣ ማሸጊያው ላይ ፈርመሽ መላክ ይቻላል፤ ፊርማው ተሰንጥቆ ከደረሰ ዋሌት ትቀይሪያለሽ። ብዙዎች «ሦስት ቦታ ከፋፍዬ፣ ሁለቱ ሲገናኙ እንዲሞላ» ይሉናል። ለ24 ቃላት ያስኬዳል። ለ12 ግን አንዱ ወረቀት 8 ቃላት ይዞ ቢገኝ የሚጎድሉት 4 ብቻ ናቸው፤ መያዣው ተቀንሶ የሚቀረው አንድ ትሪሊዮን ያህል ሙከራ ነው፤ ይህ ደግሞ ጠንካራ ማሽን ላለው የማይደረስበት ቁጥር አይደለም። «25ኛ ቃል» የሚባለውን ተጨማሪ የይለፍ ቃልም ለጀማሪ አንመክርም። አንድ ፊደል ቢሳሳት «ስህተት» አይልም፤ ሌላ ባዶ ዋሌት ይከፍትና ዝም ይላል።

አሁን በክሪፕቶ ሰፈር የማይወደድ ነገር እንበል። ወረቀት የምትደብቂበት የራስሽ የሆነ ቦታ ከሌለሽ፣ ፈቃድ ያለው ኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ድርጅት) ላይ ማስቀመጥ ለአንቺ ከዋሌት ሊሻል ይችላል። ዱባይ ቫራ የተባለ የራሷን ተቆጣጣሪ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ድርጅቱ በስም ዝርዝሩ ላይ መኖሩን ከተቆጣጣሪው ገጽ ራስሽ አረጋግጪ፤ የድርጅቱን የራሱን ማስታወቂያ አትመኚ። ስልክሽ ቢወሰድ ሰነድ አቅርበሽ አካውንትሽን ታስመልሻለሽ። የጠፉ ቃላትን ግን የሚያስመልስ ቢሮ የለም።

ጥያቄ፦ ኤክስቼንጅ ላይ ወዳለው አካውንቴ ስገባ፣ የጉግል ኦተንቲኬተር (የመግቢያ ኮድ የሚያወጣው መተግበሪያ) ኮድ ሁልጊዜ «ስህተት» ይለኛል። ስልኩን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ ያው ነው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የስልክዎን ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርገው በእጅዎ ሞልተዋል? እንግዲያውስ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ባለ 6 አኃዙ ኮድ ከሁለት ነገር ይሰላል፦ አካውንቱን ሲያገናኙ ከተሰጠው ምስጢራዊ ቁልፍና ከዓለም አቀፉ ሰዓት። በየ30 ሰከንዱ ይለወጣል። ጠዋት 7፡00 የሚለውን ስልክ በእጅ 1፡00 ሲያደርጉት፣ ስልኩ «የእኛ አቆጣጠር ነው» ብሎ አይረዳዎትም፤ ዓለም በሙሉ 6 ሰዓት ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል። ስድስት ሰዓት ማለት 720 ኮድ ወደ ኋላ ነው። ኤክስቼንጁ የሚታገሠው አንድ ሁለት ኮድ ቢሆን ነው።

ሰዓቱን ወደ «አውቶማቲክ» ይመልሱት፤ ኮዱ ወዲያው ይሠራል። የእኛን አቆጣጠር ማየት የግድ ከፈለጉ ግን ሰዓቱን ሳይነኩ የሰዓት ቀጠናውን ይቀይሩ። በአንድሮይድ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፦ ሰዓቱ አውቶማቲክ እንደሆነ ይቆይ፣ ቀጠናውን ግን ከአውቶማቲክ አውጥተው ቦነስ አይረስን ይምረጡ። አርጀንቲና ከእኛ በትክክል 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በክረምትና በበጋም ሰዓቷን አትለዋውጥም። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ስልክዎ 1፡00 ይላል፣ ቀኑም ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል፣ ኮዱም ልክ ይሆናል። (የአውሮፕላን ቀጠሮዎን ግን ከቲኬቱ ላይ ያንብቡ።)

እግረ መንገድዎን፦ ኦተንቲኬተር ሲያገናኙ ከሚታየው ካሬ ምስል ሥር በፊደልና በቁጥር የተጻፈ ረጅም ቁልፍ አለ። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። በወረቀት ይቅዱት፤ ስልክ ሲጠፋ በአዲሱ ላይ ያንኑ ቁልፍ ሲያስገቡ ኮዱ እንደ ቀድሞው ይወጣል። ጉግል ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቁልፎቹን ጂሜይል ላይ የማስቀመጥ ምርጫ ሰጥቷል፤ ይመቻል፣ ግን ጂሜይልዎ የተሰረቀ ዕለት የሁሉም በር አብሮ ይከፈታል። ኮዱን በኤስኤምኤስ መቀበል ከሁሉም ደካማው ነው፤ በተለይ ውጭ አገር ለመኖር የሚሄድ ሰው አካውንቱን በኢትዮጵያ ሲም ላይ አስሮ አይሂድ።

ጥያቄ፦ ቢትኮይን ይወጣል ብዬ በ100 ዶላር፣ በ20 እጥፍ ሌቨሬጅ (ከገበያው በሚገኝ ብድር) ሎንግ ገባሁ። ማታውን አካውንቴ ተቃጠለ። ጠዋት ዋጋው እኔ ካልሁትም በላይ ወጥቷል። የት ጋ ተሳሳትኩ? አሁንስ እንዴት ልማር? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አቅጣጫውን አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት መጠኑን ነው። በ20 እጥፍ 100 ዶላርዎ 2,000 ዶላር ያንቀሳቅሳል። ዋጋው 5 በመቶ ቢወርድ ኪሳራው 100 ዶላር፣ ማለትም ያለዎት በሙሉ ነው። ኤክስቼንጁ ደግሞ እስከዚያ አይጠብቅም፤ መጠባበቂያ ስለሚይዝ ከ5 በመቶ ትንሽ ቀደም ብሎ ይሸጥብዎታል። ቢትኮይን በአንድ ሌሊት 4 እና 5 በመቶ ወርዶ መመለሱ ዜና እንኳ አይሆንም። እርስዎ ተኝተው ሳለ ወረደ፣ ሸጠብዎት፣ ተመለሰ። ክፍያውም የሚሰላው በ100ው ሳይሆን በ2,000ው ላይ ነው፦ 0.05 በመቶ ቢሆን ሲገቡ 1 ዶላር፣ ሲወጡ 1 ዶላር። ዋጋው ምንም ሳይነቃነቅ ከገንዘብዎ 2 በመቶ ሄደ ማለት ነው።

ለመማር ፊውቸርስን፣ እንዲህ በብድር የሚነገድበትን ገበያ፣ ይተዉት። ስፖት ላይ፣ ማለትም በራስዎ ገንዘብ ብቻ፣ የገዙት ኮይን ቢወርድም በእጅዎ ይቆያል፤ በሌሊት የሚሸጥብዎ የለም።

አሁን ስሌቱ። መጀመሪያ የሚወሰነው «ስንት ልግዛ?» ሳይሆን «ብሳሳት ስንት ልክሰር?» የሚለው ነው። 100 ዶላር አለዎት እንበል፤ በአንድ ትሬድ ከ2 በመቶ፣ ማለትም ከ2 ዶላር በላይ ላለመክሰር ወሰኑ። ቻርቱን አይተው «ዋጋው ከዚህ 5 በመቶ ከወረደ ሐሳቤ ስህተት ነበር» አሉ። 2 ዶላርን ለ0.05 ያካፍሉ፦ 40። የሚገዙት የ40 ዶላር ነው። ስቶፕ ሎሱ (ኪሳራውን ለመቁረጥ የሚሸጡበት ዋጋ) ሰፋ ካለ፣ 10 በመቶ ከሆነ፣ የሚገዙት 20 ዶላር ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይሠራል፤ መጀመሪያ በሙሉ ገንዘቡ ይገዛና «ስቶፑን የት ላድርገው?» ይላል።

ስቶፕ ሲያስገቡ ሁለት ዓይነት አለ። ስቶፕ ማርኬት ዋጋው መስመሩን ሲነካ ባገኘው ዋጋ ይሸጣል። ስቶፕ ሊሚት ግን ከወሰኑት ዋጋ በታች አይሸጥም። መቀስቀሻውን 95፣ ሊሚቱን 94.80 አደረጉ እንበል፤ ገበያው ከ95.10 ዘሎ 94.20 ቢገባ ትዕዛዝዎ ተቀስቅሶ ሳይሸጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ዋጋው 80 ድረስ ቢወርድም። ጀማሪ ማርኬቱን ይምረጥ፤ ጥቂት ሳንቲም ያስከፍላል እንጂ ተንጠልጥሎ አይቀርም።

የልምምዱን ነገር ከጠየቁ፣ በዲሞ (በልምምድ ገንዘብ) 30 ትሬድ ይሥሩና በደብተር ይመዝግቡ፦ ቀን፣ ለምን ገባሁ፣ የገባሁበት ዋጋ፣ ስቶፕ፣ የወጣሁበት፣ ክፍያ። «ለምን ገባሁ» የሚለው ዓምድ ከመግባትዎ በፊት ይሞላ፤ ከወጡ በኋላ የሚጻፍ ምክንያት ሁልጊዜ ያምራል። ከ30ው 12 ጊዜ አሸንፈው 18 ጊዜ ቢሸነፉ፣ ነገር ግን ሲያሸንፉ 4 ዶላር፣ ሲሸነፉ 2 ዶላር ቢሆን፣ 48 ገብቶ 36 ወጥቷል፤ 12 ዶላር ተረፈ። ከዚያ ክፍያውን ይቀንሱ። እንደ ባይናንስ ባሉ ገበያዎች ለጀማሪ የስፖት ክፍያ 0.1 በመቶ ነው፤ ገዝቶ መሸጥ 0.2። በ40 ዶላር ትሬድ 8 ሳንቲም፣ በ30 ትሬድ 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም። ትንሽ ይመስላል፤ በቀን አሥር ጊዜ የሚገባና የሚወጣ ሰው ግን ትርፉን በሙሉ ለገበያው ሲሠራ ይውላል።

ዲሞ የማያስተምረው አንድ ነገር ፍርሃትን ነው። ስለዚህ ከ30ው በኋላ ቢጠፋ በማያስቆጭዎ 20 ወይም 30 ዶላር ያንኑ ይድገሙት፤ ውጤቱ ከዲሞው ከራቀ የተለወጠው ገበያው ሳይሆን የእርስዎ እጅ ነው። የተቃጠለውን ለመመለስ መጠኑን ማሳደግ የሚባለውን ግን ይርሱት፤ ግማሹን ያጣ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ 50 ሳይሆን 100 በመቶ ማትረፍ አለበት።

ጥያቄ፦ አገር ውስጥ ክሪፕቶ መገበያየት ይፈቀዳል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶ መክፈልና መገበያየት ያልተፈቀደና ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። መብራት ኃይል ለማይኒንግ (ክሪፕቶ በኮምፒውተር ለሚያመርቱ) ኩባንያዎች ኤሌክትሪክ መሸጡን ጠቅሰው «እንግዲያው ተፈቅዷል» የሚሉ አሉ፤ ሁለቱ አይገናኙም። ፒቱፒ (ሰው ለሰው የክሪፕቶ ግብይት) የሚሠሩ ሰዎች ባንክ አካውንታቸው የሚታገደውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሌላው ደግሞ ብሩን የላከው ሰው ስም ከገዢው ስም የተለየ ሲሆን፣ ገንዘቡ ከተጭበረበረ ሰው የመጣ ሆኖ መገኘቱ ነው። ከሦስተኛ ወገን የመጣ ብር የተቀበለ ሰው ኮይኑንም ብሩንም አጥቶ ጣቢያ ይመላለሳል።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው «ዋሌቴ ውስጥ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ኮይን) አለ፣ እንዴት ላውጣው?» ብሎ 12ቱን ቃላት ጽፎ አገኘሁ። ሳስገባው እውነትም ከ2,000 በላይ አለ። መውሰድ ፈልጌ አይደለም፣ ግን ለመላክ 30 ያህል ቲአርኤክስ (የትሮን ኔትወርክ ኮይን) ይጎድላል ይላል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ «መውሰድ ፈልጌ አይደለም» ያሉትን አምነናል። 30ውን አይላኩ። በትሮን ኔትወርክ ዩኤስዲቲ ለመላክ በተለምዶ የሚከፈለው በራሱ በቲአርኤክስ ነው፤ ወጥመዱ የተሠራው ከዚህ እውነት ነው። ትሮን አንድ አካውንት የማዘዝ ሥልጣኑን ወደ ሌላ ቁልፍ እንዲያዛውር ይፈቅዳል። ያ ዋሌት ሥልጣኑ ተዛውሯል፤ 12ቱ ቃላት ገንዘቡን ለማየት እንጂ ለማንቀሳቀስ አይበቁም። እርስዎ የላኩት ቲአርኤክስ ግን ወዲያው ይወሰዳል። «ጅል» መስሎ የጻፈው ሰው በቀን ስንት 30 እንደሚሰበስብ አስቡት።

ከዚሁ ጋር፣ ዩኤስዲቲ በበርካታ ኔትወርኮች ላይ ይሄዳል። የትሮን አድራሻ በላቲኑ «ቲ» ይጀምራል፤ የኢትሪየምና የቢኤንቢ ቼይን አድራሻዎች ግን ሁለቱም በዜሮና «ኤክስ» ስለሚጀምሩ በመልክ አይለዩም፤ የሚለየው ሲልኩ የሚመርጡት የኔትወርክ ስም ነው። ወደ ራስዎ ዋሌት ተሳስተው ከላኩ ኔትወርኩን ሲቀይሩ ያገኙታል፤ ወደ ኤክስቼንጅ ከሆነ የሚመልስልዎ ድርጅቱ ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ ነው። አድራሻ ከመላኪያ ታሪክዎ ላይ አይቅዱ። አጭበርባሪዎች እርስዎ የሚልኩለትን ሰው አድራሻ የሚመስል፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ተመሳሳይ የሆነ አድራሻ ያወጡና ዜሮ ዶላር ልከው ታሪክዎ ውስጥ ይተክሉታል። መካከሉንም ያንብቡ።

ጥያቄ፦ የቴሌግራሙን የሐምስተር ጨዋታ ስንነካ የከፈትኩት ቶንኪፐር (የቶን ኔትወርክ ዋሌት) ባለ 24 ቃል ነው። ቃላቱን ሌላ ዋሌት ላይ ሳስገባ አልቀበልም አለ። (ከጎንደር)

መልስ፦ የቶን ዋሌቶች ቃላቱን ከዚያው ዝርዝር ቢወስዱም ወደ ቁልፍ የሚለውጡበት ስሌት የራሳቸው ነው። ቃላቱ ልክ ናቸው፤ በሩ ነው የተሳሳተው። ቶንኪፐርን እንደገና ጭነው እዚያው ያስገቡ። ለዚህ ነው ወረቀቱ ላይ ከቃላቱ ሌላ የዋሌቱን ስምና የተከፈተበትን ዓመት ጻፉ የምንለው። ከዚያ ወደ ኤክስቼንጅ ሲልኩ ደግሞ «ሜሞ» ወይም «ኮሜንት» የሚለውን ቁጥር አይዝለሉ፤ የቶን አድራሻቸው ለብዙ ደንበኛ አንድ ስለሆነ፣ ገንዘቡ የእርስዎ መሆኑን የሚያውቁት በእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ኤክስቼንጅ ላይ ብተወው ምን ችግር አለው? ግብሩስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የጃፓኑ ኤክስቼንጅ ማውንት ጎክስ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሌላው ኤክስቼንጅ ኤፍቲኤክስ በኅዳር 2022 ሲወድቁ ደንበኞች ገንዘባቸው ጋ ለመድረስ ዓመታት ጠብቀዋል። በየካቲት 2025 ደግሞ ባይቢት ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ተዘርፎ ደንበኞቹን መክፈል አላቆመም። ልዩነቱ ድርጅቱ ኪሳራውን ለመሸፈን አቅም ያለው መሆኑ ነው፤ እርሱን ደግሞ ከውጭ ሆኖ ማወቅ ይከብዳል። በዚህ ሳምንት የሚነግዱበትን እዚያ ይተዉ፤ ለዓመት የሚያስቀምጡትን ያውጡ።

ግብሩን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ከ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የአይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) መመሪያ ጀምሮ ክሪፕቶ የሚታየው እንደ ንብረት ነው። ሰው የሚሳሳተው «ወደ ዶላር ካልቀየርኩ ግብር የለም» ሲል ነው። ቢትኮይን ሰጥተው ኢትሪየም ቢቀበሉም ቢትኮይኑን እንደሸጡ ይቆጠራል። ከራስዎ ዋሌት ወደ ራስዎ ዋሌት ማዛወር ግን ሽያጭ አይደለም። ከአንድ ዓመት በላይ የያዙት ዝቅ ያለው የረጅም ጊዜ ተመን ይሠራለታል። ፎርም 1040 ላይ ስለ ዲጂታል ንብረት የሚጠይቀውን «አዎ/አይደለም» ባዶ አይተዉት፤ ሽያጮቹ በፎርም 8949 ይዘረዘራሉ። ኤክስቼንጁ ሳይዘጋ የግብይት ታሪክዎን በየዓመቱ አውርደው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ቃላቱ በእርሳስ ነው በእስክሪፕቶ የሚጻፉት? (ከደሴ)

መልስ፦ በእርሳስ። ጄል እስክሪፕቶ ውኃ ሲነካው ይፈስሳል፤ የእርሳስ ካርቦን አይፈስስም፣ በፀሐይም አይደበዝዝም። ላሚኔት ለማስደረግ ፎቶ ኮፒ ቤት አይውሰዱት፤ ማሽኑ ባያነበው ሰውየው ያነበዋል።

እሳትና ምስጥ የሚያሰጋዎ ከሆነ 8 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የማይዝግ ብረት ያስቆርጡ። አሉሚኒየም አይሁን፤ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የማይዝገው ብረት ግን 1,400 ገደማ ድረስ ይታገሣል። ብረት ቤቱ የሚቆርጥልዎ ብረቱን ብቻ ነው፤ ፊደሉን ቤትዎ ገብተው ራስዎ ይምቱ። 3 ሚሊ ሜትር የላቲን ፊደል መምቻና መዶሻ ይበቃል፤ ለ12 ቃላት አራት አራት ፊደል፣ ቢበዛ 48 ምት ነው። መጀመሪያ በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ይሞክሩትና የመምቻውን ላይና ታች ምልክት ያድርጉበት፤ ተገልብጦ የተመታ «ኤም» ከ«ደብልዩ» አይለይም።